“ነፃ” የተባለው የመድኃኒት ኢንሹራንስ ለምን ይወደዳል?

ልጆቻቸውን ተከትለው ወደ አሜሪካ የተሻገሩ እናቶችና አባቶች ዕድሜያቸው ሲገፋ የጤናቸው ጉዳይ በአብዛኛው የሚወድቀው በልጆቻቸው ትከሻ ላይ ነው። እኔ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኝ መድኃኒት ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ። በየዓመቱ አዲሱ የፈረንጆች ዓመት ሲገባ የማይቀር ነገር አለ። አዛውንቱ የመድኃኒታቸው ዋጋ ሲነገራቸው ደንገጥ ይሉና “በሉ እንግዲህ፣ ለዛሬ የግፊቱን ብቻ ስጡኝ” ይላሉ። የስኳሩና የደም ማቅጠኛው መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ይቀራል። አንዱን ክኒን ለሁለት ከፍለው የሚውጡም አሉ። ይህ እንግዲህ ለስትሮክ በር መክፈት ነው።

ለዚህ ችግር ድህነት ብቻውን ምክንያት አይደለም። ብዙዎቹ ኢንሹራንስ አላቸው። ነገር ግን ኢንሹራንሱ ሲመረጥ የታየው የወር ክፍያው ብቻ ነው። በእኔ እምነት መታየት ያለበት በዓመቱ መጨረሻ ተደምሮ ከኪስ የሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ነው። ይህ ጽሑፍ እሱን ለማስላት የሚረዳ ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፓርት ዲ ምንድን ነው? ለማንስ ነው?

ሜዲኬር በ1965 የተቋቋመው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ሲሆን በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ዓመት የሞላቸውን ያገለግላል። ሲቋቋም በሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ መድኃኒትን አይሸፍንም ነበር። ይህ የተሟላው በ2003 በወጣው ሕግ ሲሆን ፓርት ዲ የተባለው ሽፋን ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 2006 ነው። ሽፋኑን የሚሸጡት መንግሥት የፈቀደላቸው የግል ኩባንያዎች ናቸው። ለብቻው ሊገዛ ይችላል፤ ወይም ሜዲኬር አድቫንቴጅ በሚባለው ፕላን ውስጥ ተጠቃሎ ይመጣል።

በአሜሪካ አሥር ዓመት ያህል ሠርተው ግብር የከፈሉ ሰዎች የሆስፒታሉን ክፍል፣ ማለትም ፓርት ኤን ያለ ወርሃዊ ክፍያ ያገኛሉ። ልጅ አስመጥቷቸው ሥራ ያልሠሩ ወላጆች ደግሞ ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት ሳያቋርጡ ከኖሩ በኋላ ወርሃዊ ክፍያ እየከፈሉ ሜዲኬር መግባት ይችላሉ። ፓርት ዲን ለመግዛት ከፓርት ኤ ወይም ከፓርት ቢ አንዱን መያዝ ግድ ነው። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ዜግነትም ሆነ ግሪን ካርድ የሌላቸውን አብዛኞቹን ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ከሜዲኬር ማስወጣቱን ልብ ይሏል። አስቀድመው የገቡትም ቢሆኑ ሽፋናቸው የሚዘልቀው እስከ ጃንዋሪ 2027 መጀመሪያ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ወላጅ ያለው ሰው የግሪን ካርዱን ጉዳይ ነገ ዛሬ ማለት የለበትም።

ገንዘቡ በስንት በር ይወጣል?

የመድኃኒት ወጪ በሦስት በሮች ይወጣል።

አንደኛው አረቦን ነው። መድኃኒት ተወሰደም አልተወሰደም በየወሩ ይከፈላል። ምንም አረቦን የማይጠይቁ ፕላኖች አሉ፤ “ነፃ” የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ሁለተኛው ዲዳክተብል ነው። ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ባለመድኃኒቱ በራሱ የሚከፍለው ማለት ነው። በ2026 ከ615 ዶላር መብለጥ አይችልም። በየጃንዋሪው እንደ አዲስ ስለሚጀምር የዓመቱ መጀመሪያ ድንጋጤ ዋና ምንጭ ይህ ነው። ጭራሹን ዲዳክተብል የማይጠይቁ ፕላኖችም አሉ።

ሦስተኛው ኮፔይ፣ ማለትም በየግዢው የሚከፈለው ድርሻ ነው። በመደበኛው አሠራር የመድኃኒቱ ዋጋ 25 በመቶ ሲሆን፣ ብዙ ኩባንያዎች ግን መድኃኒቶችን በደረጃ ከፍለው ለርካሹ ጀነሪክ ጥቂት ዶላር፣ በንግድ ስም ለሚሸጠው ደግሞ ከፍ ያለ ገንዘብ ይጠይቃሉ።

ደግነቱ ለዚህ ሁሉ ጣሪያ ተበጅቶለታል። በኦገስት 2022 በጸደቀው ሕግ መሠረት በ2025 ከኪስ የሚወጣው ከፍተኛው ገንዘብ 2,000 ዶላር ሆነ፤ በ2026 ደግሞ 2,100 ዶላር ነው። ከዚያ በላይ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚከፈል ኮፔይ የለም። ቀድሞ ሰዉን ያማርር የነበረው “ዶናት ሆል” የተባለው የሽፋን ክፍተትም በ2025 ቀርቷል። ፕላኑ የሚሸፍነው ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ አይጠየቅበትም። ይሁን እንጂ አረቦንና ፕላኑ የማይሸፍነው መድኃኒት በጣሪያው ውስጥ አይቆጠሩም።

ሒሳቡን እንሥራው

አንድ አባት ኤሊኩዊስ የተባለውን የደም ማቅጠኛና ጃርዲያንስ የተባለውን የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ እንበል። ሁለቱም መንግሥት ከአምራቾቹ ጋር ተደራድሮ ዋጋቸው ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የቀነሰ ነው። የአንድ ወሩ ኤሊኩዊስ 231 ዶላር፣ ጃርዲያንስ 197 ዶላር ነው። በወር 428፣ በዓመት 5,136 ዶላር መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ፕላን አረቦን የለውም፤ ዲዳክተብሉ 615 ዶላር ነው፤ ከዚያ በኋላ 25 በመቶ ያስከፍላል። አባት በጃንዋሪ 428 ዶላር፣ በፌብሩዋሪ 247 ዶላር ገደማ፣ ከዚያ በየወሩ 107 ዶላር ይከፍላሉ። የዓመቱ ድምር 1,745 ዶላር ነው።

ሁለተኛው ፕላን በወር 40 ዶላር አረቦን ይጠይቃል፤ ዲዳክተብል የለውም፤ ለእያንዳንዱ መድኃኒት 47 ዶላር ኮፔይ አለው እንበል። አረቦኑ በዓመት 480፣ ኮፔዩ 1,128፣ ድምሩ 1,608 ዶላር ይሆናል።

የሁለቱን ፕላኖች አረቦንና ኮፔይ ለምሳሌ ያህል የወሰድኩት ነው። “ነፃ” የተባለው በ137 ዶላር በልጦ ተገኘ። ከሁሉም የከፋው ግን የጃንዋሪው 428 ዶላር ነው፤ አዛውንቱን መድኃኒት ጥለው እንዲመለሱ የሚያደርገው ይኸው ነው። ርካሽ ጀነሪክ ብቻ ለሚወስዱ ሰዎች ደግሞ ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላልና ሒሳቡ ለየሰው ለየብቻ መሠራት አለበት።

የጃንዋሪውን ሸክም ለማቅለል ሌላም መንገድ አለ። ከ2025 ጀምሮ ማንኛውም የፓርት ዲ ተጠቃሚ የመድኃኒት ድርሻውን ያለ ወለድ በየወሩ ከፋፍሎ እንዲከፍል ኩባንያውን መጠየቅ ይችላል። ጠቅላላ ወጪውን አይቀንስም፤ በአንድ ጊዜ ከመክፈል ግን ያድናል።

ዝርዝሩን ሳያዩ አይፈርሙ

እያንዳንዱ ፕላን የሚሸፍናቸው መድኃኒቶች ዝርዝር አለው። ዝርዝሩም ሆነ ዋጋው በየዓመቱ ስለሚለወጥ ዘንድሮ የተስማማ ፕላን ለከርሞ ላይስማማ ይችላል። ያንኑ መድኃኒት ከአንዱ ፋርማሲ በርካሽ፣ ከሌላው በውድ መግዛትም አለ፤ ኩባንያው የሚመርጣቸው ፋርማሲዎች አሉና። መድኃኒቱ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሐኪሙ ለምን እንደሚያስፈልግ ጽፎ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ኩባንያው የሐኪሙ ማብራሪያ በደረሰው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ አስቸኳይ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። “አይሸፈንም” የሚለው የመጀመሪያ መልስ የመጨረሻው አይደለም ማለት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል

“እኔ ምንም መድኃኒት አልወስድም፣ ምን አስገባኝ?” የሚሉ ጤነኛ አዛውንት አሉ። የመግቢያ ጊዜያቸው ካለፈ በኋላ ሌላ ተመጣጣኝ ሽፋን ሳይኖራቸው ከቆዩ ለእያንዳንዱ ወር የብሔራዊው መነሻ አረቦን 1 በመቶ ቅጣት ይጨመርባቸዋል። መነሻው በ2026 38.99 ዶላር ስለሆነ ሁለት ዓመት የዘገየ ሰው በወር 9.40 ዶላር ይጨምራል። ትንሽ ቢመስልም ሽፋኑ እስካለ ድረስ፣ በአብዛኛው እስከ ዕድሜ ልክ፣ የሚከፈል ነው።

ብዙዎች ያልሰሙት እርዳታ

ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ኤክስትራ ሄልፕ የተባለ የመንግሥት ድጋፍ አለ። በ2025 የገቢ ጣሪያው ለአንድ ሰው በዓመት 23,475 ዶላር፣ ለባልና ሚስት 31,725 ዶላር ነበር፤ በየዓመቱም ይስተካከላል። የቁጠባ ገደብም አለው፤ የሚኖሩበት ቤትና መኪና ግን አይቆጠሩም። እዚህ ላይ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት አለ። ወላጅ ከልጁ ጋር ስለሚኖር የልጁ ደመወዝ እንደ ወላጅ ገቢ የሚቆጠር ይመስላቸዋል። አይቆጠርም። የሚታየው የራሳቸውና አብሯቸው የሚኖረው የትዳር ጓደኛቸው ገቢ ነው። ድጋፉን ያገኘ ሰው በ2026 ለጀነሪክ ከ5.10 ዶላር፣ ለሌላው ከ12.65 ዶላር በላይ አይከፍልም፤ ከዘገየበት ቅጣትም ነፃ ይሆናል። ማመልከቻው የሚቀርበው ለሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስልኩ 1-800-772-1213 ነው።

አገር ቤት ሲኬድ

ፓርት ዲ ከአሜሪካ ውጭ የተገዛ መድኃኒት አይሸፍንም። ክረምቱን ወይም በዓሉን አዲስ አበባ ለማሳለፍ የሚያስቡ ወላጆች ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን የ90 ቀን ማዘዣ፣ ኩባንያቸውን ደግሞ የጉዞ ፈቃድ ቢጠይቁ ይበጃል። ያለበለዚያ እዚያ የሚገዙት በሙሉ ከኪሳቸው ነው።

ምን ይደረግ?

ፕላን መቀየሪያው ጊዜ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ኩባንያው የሚልከው የለውጥ ደብዳቤ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ተቆጥሮ መጣል የለበትም። ልጅ የሆነ ሁሉ አንድ ቅዳሜ ከወላጁ ጋር ይቀመጥ። የመድኃኒት ብልቃጦቹን ጠረጴዛ ላይ ይደርድር፤ ስማቸውን፣ መጠናቸውንና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰዱ ይጻፍ። ከዚያ ሜዲኬር ዶት ጎቭ ላይ ገብቶ ዝርዝሩን ቢያስገባ የእያንዳንዱ ፕላን የዓመት ድምር ወጪ ይወጣለታል።

ኮምፒውተር የማይሆንለት በ1-800-633-4227 ቢደውል በአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል፤ ክፍያ የለውም። በየስቴቱ ሺፕ የተባለ የምክር አገልግሎትም በነፃ ይረዳል። አማካሪዎቹ ኢንሹራንስ ስለማይሸጡ ከየትኛውም ኩባንያ ኮሚሽን አይጠብቁም። ደላላ ቢያነጋግሩ እንኳ ጥያቄው “በወር ስንት ነው?” መሆን የለበትም። “በእነዚህ መድኃኒቶች፣ በዚህ ፋርማሲ፣ በዓመት ጠቅላላው ስንት ነው?” ብለው ይጠይቁ።