በሊኑክስ የሚሠራ ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ላፕቶፕ አመራረጥ፦ በወላይታ ሶዶና በአካባቢው ለሚገኙ ተገልጋዮች

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 በአምራቹ መስፈርት መሠረት በአብዛኛው የሚቀበለው 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ የሆኑ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተመረቱ፣ አካላቸው ግን ጤናማ የሆነ ብዙ ላፕቶፖች ያለ ማሻሻያ ቀርተዋል። ሊኑክስ ለእነዚህ ማሽኖች የተሻለው አማራጭ ነው። የፈቃድ ክፍያ የለውም፤ የደኅንነት ማሻሻያውም ይቀጥላል። ለምሳሌ ሊኑክስ ሚንት 22 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ማሻሻያ ያገኛል።

ላፕቶፕ ለብዙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የሚወጣ ትልቅ ወጪ ነው። ከቦዲቲ ወይም ከአረካ ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚልክ ወላጅ ተሳስቶ ቢገዛ ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ ላይኖረው ይችላል። ዕቃው ከአዲስ አበባ በሰው ወይም በአውቶቡስ የመጣ ከሆነ ደግሞ፣ ለመመለስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝን ይጠይቃል። በመሆኑም ማንኛውም ገዢ ማሽኑ በሊኑክስ ሲሠራ በዓይኑ ሳያይ ክፍያ እንዳይፈጽም ይመከራል።

የትኛውን ዓይነት መፈለግ ይገባል?

በተመሳሳይ ዋጋ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕና ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ቢቀርቡ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ይሻላል። ርካሾቹ አዳዲስ ማሽኖች ብዙዎቹ 4 ጊጋባይት ራም ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ያለባቸውና ማከማቻቸውም 64 ጊጋባይት ብቻ የሆነ ናቸው፤ በኋላ ማሳደግ አይቻልም። የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ፣ የዴል ላቲትዩድ እና የኤችፒ ኤሊትቡክ ምርቶች ግን ለመሥሪያ ቤት አገልግሎት የተሠሩ በመሆናቸው ጠንካራ ናቸው፤ በሊኑክስም ረጅም ጊዜ ተፈትነዋል። ቲንክፓድ ቲ470 እና ቲ480፣ ላቲትዩድ 7480 እና 7490፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ3፣ ጂ4 እና ጂ5 በምሳሌነት ይጠቀሳሉ። ቲ480 ሁለት ባትሪ የሚይዝ በመሆኑ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚማር ሰው ይመቻል።

ሻጩ «ኮር አይ ፋይቭ ነው» ማለቱ ብቻ በቂ መረጃ አይደለም። ከስሙ ቀጥሎ የሚገኘውን ባለአራት አሃዝ ቁጥር ይመልከቱ፤ የመጀመሪያው አሃዝ ጀነሬሽኑን ያሳያል። 6300 ስድስተኛ፣ 8250 ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው። ለትምህርትና ለቢሮ ሥራ ስድስተኛው ይበቃል። ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ማከማቻው ኤስኤስዲ ይሁን። ገንዘብ ካጠረ የፕሮሰሰሩን ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይሻላል እንጂ በኤስኤስዲ ፋንታ ሃርድ ዲስክ መቀበል አይመከርም፤ የዕለት ተዕለት ፍጥነቱን የሚወስነው በአብዛኛው እርሱ ነውና።

የግራፊክስ ካርዱ የኢንቴል የራሱ፣ የዋይፋይ ካርዱም ኢንቴል ከሆነ ሊኑክስ ያለ ተጨማሪ ሥራ ያውቃቸዋል። የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች ግን ብዙ ጊዜ በኢንተርኔት የሚወርድ ሾፌር ይፈልጋሉ፤ ኢንተርኔቱን የሚያመጣው ካርዱ ራሱ ስለሆነ ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው። እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔቱን ማጋራት ይቻላል። ክሮምቡክና የአፕል ላፕቶፖች በዋጋ ቢያማልሉም ለመጀመሪያ ጊዜ ሊኑክስ ለሚጭን ሰው አይመከሩም።

ከመክፈልዎ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ሊኑክስ ሚንትን አስቀድመው ያዘጋጁ። ፋይሉ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ የሞባይል ዳታ ከመጨረስ ይልቅ ዋይፋይ ባለበት ቦታ ማውረድ ይሻላል። ከዚያም ሩፈስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ፍላሹ ይጻፋል፤ በፍላሹ ላይ የነበረው ፋይል ሁሉ ስለሚጠፋ ይጠንቀቁ። በሱቁ ላፕቶፑን ሲያበሩ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ደጋግመው ቢጫኑ ከፍላሽ የማስነሳት ምርጫ ይመጣል። ሊኑክሱ ምንም ሳይጫን ከፍላሹ ይነሣል፤ የሻጩም ዊንዶውስ አይነካም። ይህን የሚከለክል ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ ሱቅ ይሞክሩ።

ከፍላሽ ሲሠራ ስለሚዘገይ በፍጥነቱ አይፍረዱ። ከስልክዎ ሆትስፖት ጋር ያገናኙት፤ ቪዲዮ ከፍተው ድምፁን ይስሙ፤ ካሜራውን፣ እያንዳንዱን የኪቦርድ ቁልፍና የዩኤስቢ ቀዳዳ ይሞክሩ። ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት በትክክል መንቃቱን ያረጋግጡ። ቻርጀሩን ነቅለው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። የባትሪ መረጃ የሚያሳየው ፕሮግራም ባትሪው ሲመረት ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን ጎን ለጎን ያቀርባል፤ ከግማሽ በታች ከወረደ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ።

የባዮስ ፓስወርድ መኖር አለመኖሩንም ማየት ያስፈልጋል። በዴል ኤፍ2፣ በሌኖቮ ኤፍ1፣ በኤችፒ ኤፍ10 ሲጫኑ ፓስወርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው አይግዙት። የቀድሞው ድርጅት ቁልፍ ሳይነሣ የቀረ ወይም የተሰረቀ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ፎርማት በማድረግም አይጠፋም።

ሊኑክስ የማይበቃበት ሥራ

ፒችትሪ፣ አውቶካድና ፓወር ግእዝ ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው። የአካውንቲንግ ወይም የምህንድስና ተማሪ ትምህርት ክፍሉ የሚጠቀምበትን ፕሮግራም አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ካስፈለገም 8ኛ ጀነሬሽን ገዝቶ ሁለቱንም ሥርዓቶች ጎን ለጎን መጫን ይችላል። በኢንተርኔት ማሰሻ የሚሰጡ አገልግሎቶች፣ የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናን ጨምሮ፣ በሊኑክስ ይሠራሉ።

ለአማርኛ ጽሑፍ ኢባስ የተባለውን የጽሑፍ ማስገቢያና ኤም17ኤን የተባለውን ጥቅል በኢንተርኔት ጭነው «ሴራ» የሚለውን ስልት ይምረጡ። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የተለመደው ኪቦርድ ይበቃዋል። ዩኒኮድ ባልሆኑ የድሮ የግእዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ግን ፎንቱ ካልተጫነ የላቲን ምልክት ሆነው ይታያሉ።

በመጨረሻም ሞዴሉና ተከታታይ ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ይቀበሉ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሊኑክሱን በገዙበት ሳምንት ጭነው በየቀኑ ይጠቀሙበት፤ በሱቅ ያልታየ ጉድለት ካለ ቀኑ ሳያልፍ ይታወቃል።