ስም አልባዎቹ ባዕዳን

በአማርኛ «ባዕድ» ሲባል ዘመድ ያልሆነ፣ ከወገን ውጭ የሆነ ሰው ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «ኤሊየን» ደግሞ በሕግ ቋንቋ የውጭ አገር ዜጋን፣ በሲኒማ ቋንቋ ከሌላ ዓለም የመጣን ፍጡር ያመለክታል። በኬንያ የውጭ አገር ሰዎች የሚይዙት መታወቂያ በሕዝብ አንደበት «ኤሊያን ካርድ» ሲባል መኖሩን የናይሮቢ ነዋሪ ያውቀዋል። ይህን መታወቂያ በኪሱ ይዞ ሲኒማ ቤት የገባ ሰው፣ በሸራው ላይ የሚያያቸው ጉጉት ዐይንና መዶሻ ራስ ፍጡራን በዚያው በእርሱ መጠሪያ ሲጠሩ መስማቱ ፈገግ ሊያሰኘው፣ ምናልባትም ሊቆረቁረው ይችላል። «ስታር ዎርስ» በተሰኙት ፊልሞች ከዋና ተዋንያን ጀርባ የሚታዩት ፍጡራን እንዴት እንደ ተፈጠሩ፣ ስም እንዴት እንዳገኙና በማን ልሳን እንደ ተናገሩ ሲመረመር ግን፣ የሁለቱ ትርጉሞች መገናኘት ከቀልድ ያለፈ ቁም ነገር እንዳለው ይታያል።

ጆርጅ ሉካስ የጻፈውና ያዘጋጀው የመጀመሪያው ፊልም በአሜሪካ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1977 ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በፊልሙ ውስጥ ሉክ የተባለው ወጣትና ሽማግሌው ኦቢ ዋን ኬኖቢ ከበረሃማዋ ፕላኔት የሚያወጣቸው አብራሪ ፍለጋ ወደ አንድ መጠጥ ቤት ይገባሉ። የመጠጥ ቤቱ ውጫዊ ገጽታ የተቀረጸው በቱኒዚያ፣ በጄርባ ደሴት፣ አጂም በተባለች ከተማ ሲሆን፣ «ታቱዊን» የሚለው የፕላኔቷ ስምም ታታዊን ከተባለችው የቱኒዚያ ከተማ የመጣ ነው። የውስጡ ክፍል ግን በ1976 በለንደን አቅራቢያ በሚገኘው በኤልስትሪ ስቱዲዮ ተሠራ። ትዕይንቱ የጥቂት ደቂቃዎች ቢሆንም የተጣለበት ኃላፊነት ከባድ ነበር፤ ተመልካቹ አንዳች ማብራሪያ ሳይሰጠው፣ ያ ዓለም የብዙ ዘሮች መኖሪያ መሆኑን በአንድ እይታ እንዲያምን ማድረግ ነበረበት።

ጭምብሎቹን የመሥራቱ ተግባር የተሰጠው ለእንግሊዛዊው የሜካፕ ባለሙያ ለስቱዋርት ፍሪቦርን ነበር። ፍሪቦርን ቀደም ሲል በስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» (1968) ፊልም ውስጥ የታዩትን ሰው መሰል ዝንጀሮዎች የሠራ አንጋፋ ሲሆን፣ ጸጉራሙን ቹባካንም ያበጀው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ የመጠጥ ቤቱ ሥራ ሳይጠናቀቅ ታሞ ሆስፒታል ገባ። ቀረጻው እስከዚያ በደረሱት ጭምብሎች ብቻ ተካሄደ፤ ውጤቱም ሉካስን አላረካውም።

በመሆኑም በ1977 መጀመሪያ፣ ፊልሙ ለሕዝብ ሊቀርብ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በሎስ አንጀለስ ተጨማሪ ቀረጻ ተደረገ። ሥራውን የመራው የ26 ዓመቱ ሪክ ቤከር ነበር፤ ከጎኑም እንደ ፊል ቲፐት ያሉ፣ ገና ስማቸው ያልታወቀ ወጣቶች ተሰለፉ። ሠዓሊው ሮን ኮብ ከፍጡራኑ የአንዳንዶቹን ንድፍ አወጣ። የተሰጣቸው ጊዜ የሳምንታት ብቻ፣ ገንዘቡም አነስተኛ ስለ ነበር፣ ቤከር ቀድሞ ለራሱ ሠርቶ ያስቀመጣቸውን ጭምብሎች ጭምር ይዞ መጣ፤ ከእነዚህም አንዱ የተኩላ ሰው ፊት ነበር። በትዕይንቱ ላይ ሙዚቃ የሚጫወተውን ቡድን ትልልቅ የጎማ ራሶች ካጠለቁት መካከልም ጭምብል ሠሪዎቹ ራሳቸው ይገኙባቸዋል። ጆን ዊሊያምስ የደረሰላቸው ሙዚቃ የ1930ዎቹን የአሜሪካ ስዊንግ የሚያስታውስ፣ የካሪቢያን የብረት ከበሮም የተጨመረበት ነበር።

ዛሬ ተመልካች እንደ አንድ ቤት የሚያየው መጠጥ ቤት እንግዲህ በሦስት አህጉራት፣ በተለያዩ እጆች ተሠርቶ የተሰፋ ነው። አረንጓዴው ግሪዶ እንኳ በእንግሊዝ ቀረጻ በአንድ ተዋናይ፣ በአሜሪካው ደግሞ በአንዲት ተዋናይት ነው የተወከለው። ስፌቱ ያልተደበቀበት ቦታም አለ። በሉክ ላይ የተነሣው የባሕር አውሬ መሰል ጠበኛ በመጀመሪያ ሲታይ እጁ እንደ ዓሣ ክንፍ ጠፍጣፋ ነው፤ በኦቢ ዋን የብርሃን ሰይፍ ተቆርጦ የወደቀው ክንድ ግን ጸጉራምና ጥፍራም ነው። ይህ የቀረጻ ስሕተት በኋላ ዘመን ደራስያን እጅ ሲገባ ታሪክ ሆነ፤ የፍጡሩ ዘር አንዱ ባለ ጣት፣ ሌላው ባለ ክንፍ እጅ በሆኑ ጎሳዎች የተከፈለ ነው ተባለ።

አብዛኞቹ ፍጡራን በፊልሙ ውስጥ ስም አልነበራቸውም። የመጀመሪያ ስማቸውን ያገኙት ከመልካቸው በወጣ ቅጽል፣ በአሻንጉሊት ገበያ ነው። «መዶሻ ራስ»፣ «የዋልረስ ሰው» እየተባሉ በኬነር ኩባንያ ተመርተው ተሸጡ። በ1978 ለሲርስ መደብር ከተሠሩት አንዱ «ጥርሰ ወልጋዳው» ነበር። አሻንጉሊት ሠሪዎቹ የደረሳቸው ፎቶግራፍ ፍጡሩን ከወገቡ በላይ ብቻ የሚያሳይ ስለ ነበር፣ ቀሪውን በግምት ሞልተው ረጅም፣ ሰማያዊ ልብስ የለበሰ፣ ባለ ብርማ ቦት ጫማ አደረጉት። በፊልሙ ውስጥ ግን አጭርና ቀይ ለባሽ ነበር። ስሕተቱ ታውቆ ቢታረምም፣ የተሳሳተው ሰማያዊው አሻንጉሊት ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ቅርስ ሆኗል። ግማሽ ፎቶ ብቻ የታየለት ሰው ቀሪ አካሉ በሌሎች ግምት ሲሞላ ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ከቅጽል ወደ ስም የተደረገው ጉዞ ዓመታት ወስዷል። ዌስት ኤንድ ጌምስ የተባለው ኩባንያ ከ1987 ጀምሮ ባሳተማቸው የጨዋታ መጻሕፍት ለጀርባ ፍጡራን ስምና አገር መስጠት ያዘ፤ «መዶሻ ራስ»ም ሞማው ናዶን ተባለ። በ1995 ደግሞ የመጠጥ ቤቱን ታዳሚዎች ባለታሪክ ያደረገ የአጫጭር ልቦለዶች መድበል ታተመ። በዚያ መድበል ውስጥ ሞማው ናዶን ወገኖቹን ለማዳን ሲል ምስጢር አሳልፎ በመስጠቱ ከትውልድ ምድሩ የተባረረ ካህን ነው። በፊልሙ ላይ ለቅጽበት የታየው ዝምተኛ ጠጪ ስደተኛ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የልሳናቸው ታሪክ ከዚህም ይልቅ የጠለቀ ነው። የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት ለፍጡራኑ ቋንቋ ሲፈልግ፣ ፈጽሞ አዲስ ልሳን ከመፍጠር ይልቅ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ያልለመዳቸውን የምድራችንን ቋንቋዎች ማዳመጥ መረጠ። የግሪዶ ንግግር መነሻ የሆነው ኬችዋ፣ የጥንቶቹ ኢንካዎች መንግሥት ቋንቋ፣ ዛሬም በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሚሊዮኖች የሚናገሩት ነው። ላሪ ዋርድ የተባለው የቋንቋ ባለሙያ የኬችዋን ድምፀት እያስመሰለ ለግሪዶ አንደበት ሰጠው። ለፊልሙ ሠሪዎች ከሌላ ዓለም የመጣ የመሰለው ድምፅ በፔሩ ገበያ ድንች የሚሸጥበት ነበር።

በ1983 በቀረበው «ሪተርን ኦፍ ዘ ጄዳይ» ይኸው ነገር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጣ። ኒየን ነንብ የተባለው ትልልቅ ጆሮና ጥቁር ዐይን ያለው ፍጡር መጀመሪያ የታሰበው ለጀርባ ነበር፤ ሆኖም የአሻንጉሊቱ ፊት እንቅስቃሴ ስላማረ የላንዶ ካልሪሲያን ረዳት አብራሪ እንዲሆን ከፍ ተደረገ። ድምፁን የሰጠው በአሜሪካ ይማር የነበረ ኬንያዊ፣ ኪፕሳንግ ሮቲች፣ ነው። ሮቲች ትርጉም የለሽ ድምፅ አላሰማም፤ በኪኩዩ ቋንቋ፣ ትርጉም ባለው ዓረፍተ ነገር ተናገረ። በኒው ዮርክ ሲኒማ ቤት ውስጥ ላንዶ ሲመልስ የሚሰማው ተመልካች የጓደኛውን ቃል የሚገምተው ከመልሱ ብቻ ነበር። በኬንያ ግን ታዳሚው ያልጠበቀውን የአገሩን ቋንቋ በሰማ ጊዜ በሳቅና በደስታ እንደ ተቀበለው ይነገራል።

ይህ ደስታ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በአንድ በኩል፣ ሚሊዮኖች የሚያለቅሱበትና የሚመርቁበት ቋንቋ «የሌላ ዓለም ድምፅ» ተደርጎ መወሰዱ ቅር የሚያሰኝ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪም የእናቱ ቋንቋ በጎማ ጭምብል አፍ ሲነገር ቢሰማ ተመሳሳይ ስሜት ባደረበት ነበር። በሌላ በኩል ግን፣ በዚያች ቅጽበት በመላው ዓለም ካሉት ተመልካቾች ሁሉ ፍጡሩን በቀጥታ የተረዱት የኪኩዩ ተናጋሪዎች ብቻ ነበሩ። የፊልሙ ባዕድ ለእነርሱ ጎረቤት ሆነ፤ ባዕዱ በአንጻሩ ትርጉሙ ያመለጠው ሌላው ታዳሚ ነበር።

በ1983ቱ ፊልም የባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ የሮቲች ስም አልሰፈረም። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2015 በወጣው «ዘ ፎርስ አወይክንስ»፣ ኒየን ነንብ እንደገና ብቅ ሲል ድምፁን የሰጠው ያው ኪፕሳንግ ሮቲች ነበር። በዚህ ጊዜ ስሙ ተጽፏል።