የተውሶ ሥዕል በገበያ ዕቃ ላይ፤ ታሪኩና ሕጉ

ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ያኖረውን ሥዕል ወስዶ ለአዲስ ሥራ ማዋል በኅትመት ሙያ ውስጥ የቆየ ልማድ ነው። ፊደል በእጅ በሚለቀምበት ዘመን ማተሚያ ቤቶች የአበባ ሐረግ፣ የእንስሳትና የመርከብ ቅርጽ ያላቸውን ክሊሼዎች በመሳቢያ አኑረው እንዳስፈላጊነቱ ይገለገሉባቸው ነበር። ኦፍሴት እየተስፋፋ ሲሄድ ክሊሼው በወረቀት ላይ በታተመ ሥዕል ተተካ፤ ባለሙያው በመቀስ እየቆረጠ ይለጥፈው ስለ ነበርም «ክሊፕ አርት» የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ የመቀሱን ሥራ ኮምፒውተር ወርሶታል። በዚህ ሁሉ መካከል ሳይለወጥ የኖረው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ሥዕሉ ያረፈበትን ወረቀት የገዛ ሰው፣ ሥዕሉን አባዝቶ የመሸጥ መብት ጭምር ገዝቷልን? የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ በሕግ መልስ ከሰጡት ቀደምት አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት እ.ኤ.አ. በ1732 ስድስት ተከታታይ ሥዕሎችን በመዳብ ቀርጾ ባሳተመ ጊዜ፣ የለንደን ሥዕል ነጋዴዎች አስመስለው እየቀረጹ በርካሽ ሸጡበት። ሆጋርት ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለፓርላማው አቤቱታ አቀረበ፤ በ1735 በሥራ ላይ የዋለው ሕግም ቀራጩ ለ14 ዓመት ብቸኛ የማተምና የመሸጥ መብት እንዲኖረው ደነገገ። ሆጋርት ስምንት ሥዕሎች ያሉትን ቀጣይ ሥራውን ሕጉ እስኪጸና ድረስ ከገበያ አቆይቶት ነበር። ነጋዴዎቹ ግን ጎብኚ መስለው ወደ ቤቱ የሚገቡ ሰዎችን ልከው፣ ያዩትን በቃላቸው ይዘው እንዲወጡ በማድረግ ቀደሙት። ሕግ መውጣቱ ብቻውን ሌብነትን እንደማያስቀር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለንግድ ማስታወቂያ የተሠራ ሥዕል እንደ ኪነ ጥበብ ሊቆጠር አይገባውም የሚል ክርክር ደግሞ በአሜሪካ ተነሣ። ክሱ አንድ ሊቶግራፍ ማተሚያ ድርጅት፣ ሌላው ድርጅት ለሰርከስ ያዘጋጃቸውን ሦስት የማስታወቂያ ሥዕሎች ገልብጦ በማተሙ የቀረበ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1903 በሰጠው ውሳኔ፣ ሥዕል ለማስታወቂያ በመዋሉ ምክንያት የሕግ ጥበቃ እንደማያጣ አረጋገጠ። የፍርዱ ጸሐፊ ዳኛ ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ፣ በሕግ ብቻ የሠለጠኑ ሰዎች የሥዕልን ዋጋ ለመመዘን መነሣታቸው አደገኛ መሆኑንም አስገንዝበዋል።

ሕጉ እየጠበቀ ሲሄድ አሳታሚዎች ሕጋዊ መውጫ አበጁ። እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ዮርክ የተቋቋመው ዶቨር አሳታሚ ድርጅት፣ የጥበቃ ዘመናቸው ያለፈ አሮጌ ሥዕሎችን በመጽሐፍ እየሰበሰበ ለባለሙያዎች አቀረበ። ከእነዚህ መጻሕፍት በብዙዎቹ መግቢያ ላይ ገዢው ለአንድ ሥራ ከ10 የማይበልጡ ሥዕሎችን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠቀም እንደሚችል ተገልጿል፤ ስብስቡን እንዳለ መልሶ ማተም ግን የተከለከለ ነው። ፈቃድ ልክና ወሰን ያለው ነገር መሆኑን ባለሙያው የተማረው እንዲህ ካሉት ጥቂት መስመሮች ነው።

በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሥነ ጽሑፍና በኪነ ጥበብ ሥራዎች ላይ ስላለው ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ከዚያ በኋላ የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት፣ የፎቶግራፍን ደግሞ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። ግለሰብ ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጅ ቢያወጣ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም። ያው ሥዕል በከነቴራ፣ በስኒ ወይም በሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ ታትሞ ለገበያ ሲቀርብ ግን ጉዳዩ ከግል ጥቅም ክልል ይወጣል፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የኅትመትና የሥዕል ባለሙያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮችን ማጣራት ይገባዋል። አንደኛ፣ የሥዕሉ ጥበቃ ዘመን በሚሸጥበት አገር ሕግ አልፏልን? ሁለተኛ፣ አላለፈ እንደሆነ ፈቃዱ ለሽያጭ የሚውል ዕቃን ይጨምራልን? ሦስተኛ፣ በብዛት፣ በዓይነት ወይም የሠዓሊውን ስም በመጥቀስ ረገድ የተጣለ ግዴታ አለን? «ነፃ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም ማለት እንጂ ገደብ የለውም ማለት አይደለም። ደንበኛው ሥዕሉን ራሱ ይዞ ቢመጣም አታሚው በዚህ ብቻ ከኃላፊነት ነፃ ይሆናል ብሎ መተማመን አይቻልም፤ የፈቃዱን ጽሑፍ ተቀብሎ ከሥራ ትእዛዙ ጋር በፋይል ማኖር ይበጀዋል።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ሥራን የሚያዘገይ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የሌላውን ሥዕል ያለ ፈቃድ የሚሸጥ ባለሙያ፣ ነገ የራሱ ሥዕል ያለ ፈቃድ ሲሸጥ የሚከራከርበትን መሠረት አስቀድሞ በገዛ እጁ ያፈርሳል። የሆጋርት ባልደረቦች ወደ ፓርላማ የሄዱት ይህን ተረድተው ነበር፤ መብቱ የተገኘው በአንድ ሰው ዝና ሳይሆን በሙያ ማኅበርተኞች ኅብረት ነው፤ ጸንቶ የሚኖረውም በዚያው ነው።