ማጂ፦ የድንበሯ ከተማና ያለፉባት ሰዎች

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ የበበቃን የቡና እርሻ አልፎ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ምድሩ ወደ ኦሞ ቆላ ከማዘቅዘቁ በፊት ከፍ ያለ ደጋ ያገኛል። ማጂ የተቆረቆረችው በዚህ በዲዚ ሕዝብ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ካፋ ከተያዘ በኋላ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1898 ጦራቸውን እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ አደረሱ፤ ሩሲያዊው መኮንን ቡላቶቪችም አብሯቸው ዘመተ። ከዚያ ወዲህ ማጂ የድንበር ግዛት መቀመጫ ሆነች።

የቦታው ምርጫ ያለ ምክንያት አልነበረም። በቆላው ገንዲ የሚያስተላልፈው ዝንብ የጭነት ከብት ስለሚፈጅ፣ በበቅሎ ዘመን ደጋ ላይ መስፈር ትልቅ ጥቅም ነበረው። (በሽታውን በመቋቋም የታወቀው የሸኮ ከብት ነው፤ እርሱ ግን የነጋዴ ጭነት አይሸከምም።) የከተማይቱ ሀብት የዝሆን ጥርስ፣ የጠመንጃና የባሪያ ንግድ ነበር። ዋጋውን በይበልጥ የከፈለው ደግሞ ባለአገሩ የዲዚ ሕዝብ ነው፤ ብዙ ሰው ተፈንግሎ ተወስዷል፣ መንደሮችም ተራቁተዋል።

ብሪታንያ በማጂ ቆንስላ የከፈተችው ከሱዳንና ከኬንያ ጋር የሚያዋስነውን ወሰን፣ የሚሻገረውንም ወረራ ለመከታተል ነው። በ1920ዎቹ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰን ስለ አንበሳ አደኑና ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ በ1929 ታተመ። ይኸው ሰው ኋላ የጎልድ ኮስት ገዥ ሆኖ በ1935 በአክራ የሬዲዮ ስርጭት አስጀምሯል።

በ1930ዎቹ በዚያው ሥራ ላይ የነበረው ካፒቴን ዋሊ ግን ለዓለም የተረፈው ነገር በእጅጉ የሚበልጥ ነው። ከጌሻ አካባቢ ጫካ የተለቀመ የቡና ዘር ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ በታንጋኒካ የሊያሙንጉ ጣቢያ በኩል በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ በ1960ዎቹም ወደ ፓናማ ተሻገረ። ቅርንጫፉ በቀላሉ የሚሰበር በመሆኑ ገበሬው ሳይወደው ቆየ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ግን በፓናማ ጨረታ አንድ ፓውንዱ ከ20 ዶላር በላይ አወጣ። የቆንስሉ ስም በቡናው ታሪክ ሲጠቀስ፣ ጫካውን የሚያውቁትና ፍሬውን የለቀሙት ሰዎች ስም አይነሣም። ይህ አድልዎ በማጂ ታሪክ ውስጥ ብቻውን የቆመ አይደለም።

መኪና ሲመጣ የደጋው ጥቅም ወደ ጉዳት ተለወጠ። ከጅማ በቦንጋ በኩል የሚመጣው መንገድ ሚዛን ተፈሪን ጠቀመ። የቤንች ማጂ ዞን ስሙን ከማጂ ቢወስድም መቀመጫው ሚዛን ነበረች፤ ዞኑ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ተብሎ ሲከፈልም የማጂ ስም ከመጠሪያው ወጣ።

በ2011 በጎሪ ጌሻ ጫካ አጠገብ የቡና እርሻ ተቋቋመ፤ የሚተክለውንም ዘር ከፓናማ ሳያስመጣ ከዚያው ጫካ አስለቀመ።