አባት የማይገባበት ማደሪያ፤ በእንግሊዝ አገር ስለ ቤት አልባ ቤተ ሰቦች
ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከ1948 እስከ 1977 (በአውሮጳ አቆጣጠር) በእንግሊዝ አገር ቤት ላጡ ቤተ ሰቦች ይሰጥ የነበረውን ጊዜያዊ መጠለያ ነው።

በ1948 የወጣው የብሔራዊ ርዳታ ሕግ፣ የድኾች ሕግ ይባል የነበረውን አሮጌ ሥርዓት ሻረ። በዚሁ ሕግ ክፍል 3 መሠረት፣ አስቀድሞ ሊታሰብ ባልቻለ ምክንያት በድንገት ለተቸገሩ ሰዎች ጊዜያዊ ማደሪያ እንዲሰጡ የአውራጃ ምክር ቤቶች ግዴታ ተጣለባቸው። አነጋገሩን ስንመለከት፣ ሕግ አውጪዎቹ ያሰቡት እሳት ወይም ጎርፍ የደረሰበትን ሰው ይመስለናል። ነገር ግን በደጃፉ የቆመው፣ በተለይም የ1957ቱ ሕግ ከብዙ ቤቶች ላይ የኪራይ ቁጥጥርን ካነሣ በኋላ፣ አከራዩ ያስወጣው ቤተ ሰብ ሆነ።

ምክር ቤቶቹም ማደሪያው ከተመቸ የሚወጣ አይኖርም ብለው ሠጉ። ስለዚህም ብዙዎቹ እናትንና ልጆችን ብቻ እየተቀበሉ አባትን በደጅ አስቀሩ። በኬንት አውራጃ በኪንግ ሂል ማደሪያ፣ ባል የሚገባው በተወሰነ የጉብኝት ሰዓት ብቻ ነበር። በ1965 ግን አንዳንድ ባሎች አንወጣም ብለው ከሚስቶቻቸው ጋር ተቀመጡ፤ ምክር ቤቱም ከሰሳቸው፤ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አናከብርም ያሉትም ታሰሩ። ሰው በልጆቹ አጠገብ ስላደረ ወኅኒ ወረደ ማለት ነው! በሚቀጥለው ዓመት ደንቡ ተለወጠ።

ኅዳር 16 ቀን 1966 (በእነርሱ ኖቬምበር) ቢቢሲ «ካቲ ኮም ሆም» የተባለውን ድራማ በቴሌቪዥን አሳየ፤ ወደ 12 ሚሊዮን ሕዝብም ተመለከተው። ሕጉን ያስለወጠው ይህ ድራማ ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን በነገሩ እንጠራጠራለን፤ በድራማውና በአዲሱ ሕግ መካከል 11 ዓመት አለና። በ1974 መንግሥት ቤተ ሰብ እንዳይለያይ የሚል መመሪያ አስተላለፈ፤ መመሪያው ግን ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበረም።

ግዴታው የመጣው በ1977፣ የሊበራል እንደራሴ ስቲቨን ሮስ ባቀረቡት ሕግ ነው። ልጆች ያሏቸውና ነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ አገኙ፤ አብሮ የሚኖረው የቤተ ሰብ አባልም፣ አባትም ጭምር፣ በአንድነት እንዲታይ ተደነገገ። ሆኖም ቤቱን ሆን ብሎ ያጣ ሰው ይህ መብት ሙሉ በሙሉ እንዳይደርሰው ተደረገ። ያ የ1948ቱ ሥጋት በዚህ አንቀጽ ተመልሶ ገባ፤ ማን ሆን ብሎ፣ ማን ተገዶ ቤቱን እንዳጣ የሚመረምረውም ያው ምክር ቤት ሆነ።