መድረክ ማለት መጀመሪያ ምን ነበር?

ዛሬ በቤተ ክርስቲያን «መድረክ» ስንል የምናስበው ማይክራፎንና መብራት ያለበትን ከፍታ ነው። «እገሌ የመድረክ ጸጋ አለው» እንላለን። በግዕዝና በቆየው አማርኛ ግን መድረክ የበር ደፍ ነው፤ ከሁለቱ መቃኖች ግርጌ የተጋደመው፣ ገቢና ወጪ የሚሻገረው እንጨት ወይም ድንጋይ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱሳችንም ቃሉን በዚሁ ፍቺ ይጠቀምበታል። የዳጎን ራስና እጆች ተቆርጠው የተገኙት መድረኩ ላይ ነው (1ኛ ሳሙ. 5፥4)። ጣዖቱ ንግግር እያደረገ አልነበረም!

በዕብራይስጥ ከደፍ ስሞች አንዱ «ሳፍ» ነው። አስቸጋሪ ቃል ነው፤ ሳህን ወይም ጽዋ ማለትም ይሆናል። በዘጸአት 12፥22 የፋሲካው ደም ያለው «በሳፍ» ነው። ረቢ እስማኤል ደፉ ነው ሲል ረቢ ዓቂባ ዕቃ ነው አለ። ላቲኑ ቩልጌት ወደ ደፉ፣ አማርኛችን ወደ ዕቃው ሄደ። እኔም ከአማርኛው ጋር ነኝ።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን መዝሙር 84፥10 ነው። ዘማሪው በእግዚአብሔር ቤት የመረጠውን የሚናገርበት ግስ ከዚሁ ከሳፍ የወጣ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ ቦታ አይገኝም። ደፍ ላይ መቆም ማለት ነው፤ አባቶቻችን ደጅ መጥናት የሚሉት ዓይነት። የሰባ ሊቃናት ግሪክ «መጣል» ብሎ ተረጎመው፤ የግዕዙ ዳዊት ግሪኩን ተከተለ፤ የ1954ቱ አማርኛም «መጣል»ን ያዘ። መጣልም ትሕትና አለው፤ ደፉ ግን ጠፋ።

ከደፉ ጋር የጠፋ ታሪክ አለ። መዝሙሩ የቆሬ ልጆች ነው። ቆሬ ሌዋዊነት አንሶት ክህነትን የተመኘ፣ ምድር አፏን ከፍታ የዋጠችው ሰው ነበር (ዘኍ. 16)። ልጆቹ ግን አልሞቱም (26፥11)። በ1ኛ ዜና 9፥19 ዘሮቹን የድንኳኑ ደፍ ጠባቂዎች ሆነው እናገኛቸዋለን፤ ዕብራይስጡ እዚያም «ሳፍ» ይላል። አባታቸው በጉልበት አልፎ ሊገባ የፈለገውን ደፍ ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያም ወገን ይህ መዝሙር ወጣ።

በየጉባኤያችን መድረክ ለማግኘት የሚደረገውን ሽኩቻ ስሰማ ይህ ቤተሰብ ትዝ ይለኛል። እሑድ ጠዋት በር ላይ ቆሞ አሮጊት እናቶችን ክንዳቸውን ይዞ የሚያስገባው አስተናጋጅ ስሙ በፕሮግራሙ ላይ አይጻፍም።

በጥንቱ መቅደስ ሥራው የተናቀ አልነበረም። በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ሕዝቡ ለቤቱ እድሳት ያመጣውን ገንዘብ ተቀብለው በሣጥን የሚጨምሩት ደፍ የሚጠብቁ ካህናት ነበሩ (2ኛ ነገ. 12፥9)። ኢየሩሳሌም በወደቀች ጊዜም ናቡዘረዳን ከሊቀ ካህኑ ከሠራያ ጋር ሦስቱን የደፍ ጠባቂዎች ወሰደ (25፥18)፤ በሪብላም አብረው ተገደሉ።