የጥርስ ትሉ የት ገባ?

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ጉንጩ ያበጠ፣ ሻርፑን ከአገጩ ሥር አዙሮ ያሰረ ሰው መንገድ ላይ ብታገኙ ምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ትላልቅ ሰዎችን ብትጠይቁ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ «ትል በልቶት ነው!» መድኃኒቱንም ያውቁታል። ቅርንፉድ ወይም የእምቧይ ሥር ይነከሳል፣ የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ተደርጎ አፍ በጭሱ ይታጠናል። ይኼ ሁሉ ካልያዘለት የቀረው ጉጠት ነው።

ልጅ ሆኜ ይኼን ትል በጣም እፈራው ነበር። አድጌ ሳነብ ግን ትሉ የእኛ አገር ብቻ አለመሆኑ ገረመኝ። የጥንት ባቢሎናውያን ስለ ጥርስ ትል የሚደገም ድግምት በሸክላ ላይ ጽፈው ትተዋል። አውሮፓም ስታምንበት ኖራለች። በ1728 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፒየር ፎሻር የተባለ ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም ባሳተመው መጽሐፍ፣ በአጉሊ መነጽር ፈልጎ ትሉን እንዳጣው ጻፈ።

ታዲያ ጥርሱን ምን በላው? መልሱ ገና ሳይገኝ ነው ሐኪሞች ጥርስ ለማዳን መሞከር የጀመሩት። በ1838 ኤድዋርድ ሜይናርድ የተባለ አሜሪካዊ የሰዓት ሞላ ሞርዶ፣ የጥርስ ሥር ውስጥ ገብታ ነርቩን የምታወጣ ቀጭን መሣሪያ ሠራ። ዛሬ ሩት ካናል የምንለው ሕክምና አንዱ መነሻ ይህ ነው። በ1890 ደግሞ ዊሎቢ ሚለር አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከምንበላው ስኳርና ስታርች አሲድ እየሠሩ ጥርስን እንደሚበሉ አስረዳ። በ1965 የታተመ አንድ ጥናት ክርክሩን ቋጨው። ተመራማሪዎች ጀርም በሌለበት ያደጉ አይጦችንና ተራ አይጦችን ጥርስ ነርቡ እስኪጋለጥ በሱ። ጀርም የሌለባቸው ዳኑ፤ የተራዎቹ ነርቭ ግን ሞቶ መግል ቋጠረ።

እንግዲህ ሽማግሌዎቻችን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ውስጥ የሚኖር ነገር አለ፤ በዓይን አይታይም እንጂ።

ተሳሳቱ ከተባለ የተማሩትም ተሳስተው ያውቃሉ። በ1910 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሀንተር ሞንትሪያል ላይ ባደረገው ንግግር፣ በወርቅ ሥር የተደበቀ የበሰበሰ ጥርስ የብዙ በሽታ ምንጭ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት፣ ሊድን የሚችል ብዙ ጥርስ በጥርጣሬ ብቻ ተለቀመ።

ይኼ ታሪክ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ሌሊቱን ሲጠዘጥዝ ያደረ ጥርስ አንድ ቀን ዝም ይላል። «ተሻለኝ» እንላለን። ብዙ ጊዜ ግን ነርቩ ሞቶ ነው። ቆይቶ ሲያብጥ አሞክሳሲሊን ገዝተን እንውጣለን፤ ይጎድላል፣ ከወር በኋላ ይመለሳል። መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፤ በሞተ ነርቭ ውስጥ ደም የለም። ማስታገሻም ቀን ይገዛል እንጂ አያድንም። የጀርሙን ቤት የሚያፈርሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ጥርሱን መንቀል፣ ወይም ውስጡን ጠርጎና አጥቦ መድፈን። አንቲባዮቲክ ቦታ የሚኖረው ትኩሳት ሲመጣ ወይም እብጠቱ ሲሰራጭ ነው፤ ያኔም ቢሆን ከሕክምናው ጋር እንጂ በምትኩ አይደለም።

እብጠቱ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ለነገ አይባልም። ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ በ1836 የመዘገበው፣ ዛሬም በስሙ የሚጠራው ሕመም ይኼ ነው፤ ይገድላል። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሌሊትም ቢሆን መሄድ ነው።

መንቀል ነውር የለበትም። ሩት ካናል ገንዘብም ምልልስም ይጠይቃል፤ ሁሉም አይችለውም። ግን ብንነቅልም አውቀን እንንቀል፣ በጊዜ እንሂድ። አያቴ የቀሯት መንጋጋዎች ሁለት ናቸው። ቆሎ ሲቀርብ «እናንተ ብሉልኝ» ትላለች። የእሷ ዘመን ከጉጠት ሌላ ምርጫ አላቀረበላትም።